ከባንክ ኮንትራት ወደ ሌላ ዘርፍ፦ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ?

ሰንጋ ተራ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከየሕንፃው ሰው ይፈሳል። ከንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንፃ፣ ዙሪያውን ከተኮለኮሉት የሌሎች ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ለገሃር፣ ወደ ብሔራዊ ይበተናል። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም የባንክ ሠራተኛ ነው። ሰፈር ውስጥም እንደዚያው ነው። እናት ለጎረቤቷ "ልጄ ባንክ ገባልኝ" ስትል ቋሚ ይሁን ኮንትራት አትጨምርም።

ጠጋ ብሎ ላየ ግን ልዩነት አለ። እኔ በሠራሁበት ባንክ የቋሚዎቹ የባጅ ገመድ ሰማያዊ ነበር፣ የእኛ የኮንትራቶቹ አረንጓዴ። ሦስት ዓመት አረንጓዴውን አንጠልጥያለሁ። አሁን አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነኝ። ቢሮዬ ከድሮው መሥሪያ ቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ያቺን አሥር ደቂቃ ለመሻገር ግን አንድ ዓመት ከምናምን ፈጅቶብኛል። ሰሞኑን ደግሞ ባለ አረንጓዴ ገመድ ልጆች ማኪያቶ እየጋበዙ "እንዴት ወጣህ?" ይሉኛል። ማኪያቶውን እየጠጣሁ የምላቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር። ከባንክ ውጭ ያለ ቀጣሪ "ባንክ" የሚለው ስም ብዙም አያስደንቀውም። የሚያየው እዚያ ውስጥ ምን ስትሠሩ እንደነበር ነው። ያንን ደግሞ የሚያውቀው ከወረቀታችሁ ነው። የኮንትራት ሠራተኛ ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ሥራውን አይመስልም።

ኮንትራታችሁ የትኛው ነው?

"ኮንትራት ነኝ" የሚል ሰው ከሦስት አንዱን ማለቱ ነው። አንዱ ከባንኩ ጋር በቀጥታ የተፈረመ፣ ማብቂያ ቀን ያለው የሥራ ውል ነው። ሁለተኛው አውትሶርስ የሚባለው ነው፤ የቀጠራችሁ ኤጀንሲ ነው፣ የምትሠሩት ባንኩ ውስጥ ነው። ጥበቃና ጽዳት ላይ የተለመደ ነው፤ ግን ጥሪ ማዕከልና ጽሕፈት ላይም አለ። ሦስተኛው የአገልግሎት ውል ነው። የአይቲ ሰዎችና አማካሪዎች ይህንን ይፈርማሉ። በዚህኛው በሕግ ዓይን ሠራተኛ አይደላችሁም፤ አገልግሎት ሻጭ ናችሁ። ጡረታ አይቆረጥላችሁም፣ የዓመት ፈቃድ የላችሁም፣ ግብራችሁም የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ውላችሁን አውጡና የመጀመሪያውን ገጽ አንብቡ። "አሠሪ" ተብሎ የተጻፈው ማን ነው? የማውቃት አንዲት ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ የባንኩ ሠራተኛ ነኝ ብላ ስታስብ ኖራ፣ የሥራ ልምድ ልትጠይቅ ስትሄድ ነው አሠሪዋ ኤጀንሲ መሆኑን ያወቀችው። የፈረመችው በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ማን ያነባል?

ሕጉ ስለ ኮንትራት ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። በስተቀር ያለው አንቀጽ 10 ላይ የተዘረዘሩትን ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት የተቆጠሩ ናቸው፦ ታሞ ወይም ፈቃድ ወጥቶ የቀረ ሰውን ለመተካት፣ ወቅታዊ ለሆነ ሥራ፣ ከወትሮው በላይ ለበዛ ሥራ፣ ተለይቶ ለታወቀ አንድ ሥራ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በድንገት የተለቀቀ ቋሚ ቦታን በጊዜያዊ ሰው መሸፈንም ይፈቀዳል፤ እሱ ግን ከ45 ቀን አያልፍም፣ ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን አስቡት። ባንክ ቤት ውስጥ ብር መቁጠር ወቅታዊ ሥራ ነው? ደንበኛ ማስተናገድስ? በየስድስት ወሩ እየታደሰ ሦስት ዓመት የሄደ ውል "ኮንትራት" የሚል ርዕስ ስለተጻፈበት ብቻ ኮንትራት አይሆንም። የሥራው ጠባይ ነው የሚታየው። ይህንን ማወቅ ጥሩ ነው፤ በተለይ አንድ ቀን "አናድስልህም" ሲሏችሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን መብት የምታስከብሩት ተከራክራችሁ ነው። ክርክር ደግሞ ጊዜ ይበላል። እኔ አልከሰስኩም። ጉልበቴን ለመውጫው አዋልኩት። የከሰሱና ያሸነፉ አሉ፤ ምርጫው የእናንተ ነው።

"ትንሽ ልታገስና ቋሚ ያደርጉኝ ይሆናል" የሚሉም አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ባንኮቹ ራሳቸው የቆሙበትን መሬት እዩ። ብሔራዊ ባንክ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ቀን ቆርጦላቸዋል። አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ 1360/2017 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። ወጪ በሚቆጠርበት ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ማን እንደሆነ ባለ አረንጓዴ ገመዱ አይጠፋውም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው።

የምሠራው ዓለም አቀፍ ባንኪንግ ክፍል ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ የኤልሲ ሰነድ ነው። ኤልሲ፣ በአማርኛው የብድር ደብዳቤ፣ ባንክ በአስመጪው ስም ለውጭ ሻጭ ለመክፈል ቃል የሚገባበት ነው። ኢንቮይሱ ከፕሮፎርማው ጋር ይገጥማል? ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የጭነት ሰነዱ) ላይ ያለው ቀን ከተፈቀደው አላለፈም? የዕቃው ስም አንድ ፊደል ተሳስቷል? ሦስት ዓመት ዓይኔ የደከመው በዚህ ነው። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ግን የሰጠኝ ደብዳቤ አራት መስመር ነበር። ስሜ፣ የጀመርኩበትና የጨረስኩበት ቀን፣ ከዚያ "በጽሕፈት ሥራ ረዳትነት አገልግለዋል"፣ በመጨረሻም "መልካም ዕድል እንመኛለን"። ማኅተም። አለቀ።

ያንን ይዤ ስንት ቦታ እንዳስገባሁ አልቆጠርኩም። ስታዲየም አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሲቪዬን አየች፣ ደብዳቤዬን አየች፣ መነጽሯን አወለቀች። "ወንድሜ፣ አንተ ኤልሲ ትላለህ፣ ደብዳቤህ ጽሕፈት ይላል። እኔ የቱን ልመን?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለካ ለኤችአርም ይሠራል።

መብቱ አለ። አዋጁ አሠሪ ለሠራተኛው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ውሉ ሲቋረጥ ብቻም አይደለም፤ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ነው። ስለዚህ እየሠራችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። "ሊለቅ ነው" ተብሎ እንዳይወራባችሁ ከፈራችሁ ለቪዛ ወይም ለትምህርት ቤት ነው በሉ። ይህቺ የአዲስ አበባ ውሸት ናት፤ ማንንም አትጎዳም።

ታዲያ ደብዳቤው ላይ ምን ይኑር? የሥራ መደቡ ስም ከተጻፈ በኋላ በእጃችሁ የሠራችሁት ሁለት ሦስት ሥራ በግልጽ ይጻፍ። የእኔ ሁለተኛ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ "በዓለም አቀፍ ባንኪንግ ክፍል ተመድበው የገቢ ንግድ የኤልሲ ሰነዶችን ከብድር ደብዳቤው ጋር በማመሳከር፣ ልዩነቶችን በመለየትና ለደንበኞች በማሳወቅ ሠርተዋል።" ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማግኘት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ ራሴ ረቂቁን ጽፌ፣ በፍላሽ ይዤ ሄጄ ነው የፈረሙልኝ። ለሁሉም የምመክረው ይህንኑ ነው። ጸሐፊዋ አዲስ ደብዳቤ የምታረቅበት ጊዜ የላትም፤ ያለቀ ነገር ስትሰጧት ግን ታትመዋለች።

አውትሶርስ ከሆናችሁ ደግሞ የተመደባችሁበት ባንክ ስም ደብዳቤው ውስጥ ይግባ። ከዚያ ባለፈ የክፍላችሁን ኃላፊ የምስክርነት ደብዳቤ ለምኑት። ጋሼ ብዬ የምጠራው አለቃዬ በባንኩ ስም መጻፍ እንደማይችል ነግሮኝ፣ በራሱ ስም ግማሽ ገጽ ጽፎልኛል፣ ስልኩንም አስቀምጦልኛል። ከኤጀንሲው ማኅተም ይልቅ የጠቀመኝ ያ ስልክ ነው።

አንድ መስመር ደግሞ እንዳትረሱ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ "ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት" የሚል አይታችኋል። ይህ ዝም ብሎ የተጻፈ ጌጥ አይደለም። ደብዳቤያችሁ ከደመወዛችሁ ላይ ግብር ተቀንሶ ገቢ መደረጉን ካልገለጸ ሦስት ዓመታችሁን ዜሮ ብለው ይመልሷችኋል። ኤጀንሲያችሁ ግብርና ጡረታ በትክክል እያስገባ መሆኑን ሳትወጡ አረጋግጡ። ከወጣችሁ በኋላ ስልክ የሚያነሳላችሁ የለም።

ወዴት ነው የሚኬደው?

ሰው ሁሉ "ባንክ የሠራ የትም ይገባል" ይላል። አይገባም። ባንክ ቤት ውስጥ ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንዲት ቁራጭ ይዞ ነው የሚኖረው። ጥያቄው የእናንተ ቁራጭ ውጭ ማን ይፈልጋታል ነው።

የኤልሲና የንግድ ሰነድ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ያው ከራሴ ተነስቼ። አስመጪው፣ ላኪው፣ ትራንዚተሩ፣ የሎጂስቲክስ ድርጅቱ ሁሉ ከባንክ ጋር የሚጣላው በሰነድ ነው። እናንተ ደግሞ የባንኩን ወገን ታውቃላችሁ። ለምሳሌ የኤልሲ ዓለም አቀፍ ደንብ ዩሲፒ 600 ባንክ የቀረበለትን ሰነድ መርምሮ ለመወሰን ቢበዛ አምስት የባንክ ሥራ ቀናት እንዳለው ይናገራል። ኤልሲው ሌላ ካላለ ደግሞ ሻጩ ሰነዱን ዕቃው በተጫነ በ21 ቀናት ውስጥ ማቅረብ አለበት። አስመጪው ይህንን ላያውቅ ይችላል። እሱ የሚያውቀው ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ቆሞ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ እየቆጠረ መሆኑን ነው። ሰነዱ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደተኛና ለምን እንደተኛ የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ ካለ ያንን ሰው ደመወዝ ይከፍለዋል።

እኔ እዚህ በጀመርኩ በአራተኛው ወር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት ጥያቄው "ወረፋችን የት ደረሰ?" ነበር። ከዚያ በኋላ "የትኛው ባንክ በስንት ይሸጥልናል?" ሆነ። አለቃችን እኔን ጠርቶ "አንተ ባንክ አልነበርክ እንዴ፣ አስረዳን" አለ። ያን ቀን ነጭ ሰሌዳ ላይ እየቸከቸክሁ አስረዳሁ። በባንኩ ሦስት ዓመት ማንም አስረዳን ብሎኝ አያውቅም።

ቴለርና ካሸር ለነበረ ሰው መንገዱ ትንሽ ይረዝማል። ሆቴል፣ ሱፐርማርኬት፣ ሆስፒታል ገንዘብ ተቀባይ ይፈልጋሉ፤ ግን ደመወዙ ከባንኩ ሊያንስ ይችላል። የተሻለው ወደ ሂሳብ ሥራ መሻገር ነው። እዚህ ላይ የማይጠበቅ እንቅፋት አለ። ማስታወቂያውን ስታነቡ "ፒችትሪ የሚችል" ይላል። ፒችትሪ የሂሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነው፤ ባንክ ቤት ግን የለም። ባንክ ቤት ቲ24 ነው፣ ፍሌክስኪዩብ ነው፣ ፊናክል ነው። እዚያ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ሂሳቡ ራሱ ዴቢትና ክሬዲቱን ይሠራል። ውጭ ያለ ሂሳብ ሠራተኛ ግን ግዢውን፣ ስቶኩን፣ 15 በመቶ ቫቱን፣ ዊዝሆልዲንጉን (ከሻጭ ክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዘውን ግብር)፣ የሠራተኛ ደመወዙን ራሱ ይመዘግባል፤ በየወሩም ለገቢዎች ያሳውቃል። የአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው፣ ሁለት ዓመት ቴለር የሆነ ልጅ ቫት ሲያሳውቅ አይቶ አያውቅም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ግን ቃለ መጠይቁ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው። ኮንትራቱ ሳያልቅ ማታ ማታ አጭር ሥልጠና ይውሰድ። ቢቻል ደግሞ የሚያውቀው ነጋዴ ዘንድ ሁለት ወር በነፃ የቫት ወረቀት ይሙላ።

በተቃራኒው የባንክ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ የነበሩት የያዙት ነገር ውድ ነው። በአዋጅ 847/2006 መሠረት ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ ወደሚባለው፣ ቀድመው እንዲገቡ ከተደረጉት መካከል ባንኮች አሉበት። ሌላው ድርጅት በኋላ ነው የተከተለው፤ አንዳንዱ አሁንም እየዳኸ ነው። አንድ የዓመት መዝጊያ በአይኤፍአርኤስ የሠራ ልጅ "ክሎዚንግ ላይ ነበርኩ" ብቻ ብሎ አይለፈው። የትኛውን ማብራሪያ እንዳዘጋጀ፣ ኦዲተር ምን ጠይቆት ምን እንደመለሰ ይናገር።

ሞባይል መኒ የሚረሳ አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ጀመረ፣ ኤምፔሳ ነሐሴ 2015 ተከተለ። የሁለቱም ባለቤቶች የቴሌኮም ድርጅቶች ናቸው፤ የሚሠሩት ግን የባንክ ሥራ ነው። የዕለት ሂሳብ ሪኮንሳይል የሚያደርግ (የሚያመሳክር)፣ የደንበኛ ማንነት የሚያጣራ፣ አጠራጣሪ ዝውውር የሚለይ፣ ኤጀንት የሚያስተዳድር ሰው ይፈልጋሉ። ኮምፕላያንስ (ሕግና መመሪያ መከበሩን የሚከታተለው) ክፍል ውስጥ በኮንትራት ስትቀመጡ አሰልቺ የመሰላችሁ ሥራ እዚህ ዋጋ አለው።

ኢንሹራንስ ቅርብ ጎረቤት ነው፤ ተቆጣጣሪውም ያው ብሔራዊ ባንክ ነው። ብድር ክፍል የነበረ ሰው ንብረት መገመትና አደጋ ማመዛዘን ስለለመደ ቶሎ ይገባዋል። የካፒታል ገበያው ገና ለጋ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ነው። ቦታው ጥቂት ነው፣ የሙያ ፈቃድም ይጠይቃል። የሚያጓጓ ነው፤ ግን የቤት ኪራይ የሚጠብቀው ሰው እሱን ብቻ ተማምኖ አይልቀቅ።

ኤንጂኦ የሁሉም ሕልም ነው። ፋይናንስ ኦፊሰር ሆኖ ጥሩ ደመወዝ። ይሁንና ያም ኮንትራት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያልቃል። በ2017 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ ስንቱ ጠረጴዛውን ባንድ ሳምንት እንዳስረከበ አይተናል። ሂዱ፣ ግን ከኮንትራት ወደ ኮንትራት እየሄዳችሁ መሆኑን አውቃችሁ ሂዱ።

በነገራችን ላይ የትም ብትሄዱ የደንበኛ ስም ዝርዝር ይዛችሁ አትሂዱ። "ትልልቅ ደንበኞቻችሁን አምጣልኝ" የሚል ቀጣሪ ያጋጥማል። የደንበኛ ሚስጥር መጠበቅ ከባንኩ ስትወጡ የሚያበቃ ግዴታ አይደለም። ደግሞስ የድሮ ቤታችሁን ሚስጥር ያስወጣ ሰው የእሱን እንደማታወጡ በምን ያምናችኋል?

ደመወዙ ጨመረ ወይስ የጨመረ መሰለ?

"3 ሺህ ብር ጨመሩልኝ" ብሎ በደስታ የደወለልኝ ጓደኛ አለ። ቁጭ ብለን ናፕኪን ላይ አሰላነው።

በሐምሌ 2017 በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ለጡረታ ደግሞ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይነሳል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል።

ጓደኛዬ ባንክ 15,000 ያገኝ ነበር። ግብሩ 3,200፣ ጡረታው 1,050፤ እጁ ላይ የሚደርሰው 10,750 ብር ነው። አዲሱ 18,000 ነው። ግብሩ 4,250፣ ጡረታው 1,260፤ የሚደርሰው 12,490። ስለዚህ 3,000 የተባለው ጭማሪ ኪሱ ሲገባ 1,740 ነው። ከ14,000 በላይ ከምትጨመር ከእያንዳንዷ 100 ብር 42ቱ በመንገድ ይቀራል ማለት ነው።

አዲሱ ቢሮ ደግሞ ቃሊቲ ነበር። እሱ ልደታ ነው የሚኖረው፤ ሰንጋ ተራ በእግሩ ይሄድ ነበር። የታክሲውን ሂሳብ ናፕኪኑ ጥግ ላይ ስንጽፍ ዝም አለ። በኋላ ግን የትራንስፖርት አበል ጠየቀ፣ ሰጡት። ሳያሰላ ቢሆን ኖሮ አይጠይቅም ነበር።

ለቋሚ ሠራተኛ ሌላም የሚያስቸግር ነገር አለ፤ በዝቅተኛ ወለድ የወሰደው የቤት ብድር ሲለቅ በገበያ ወለድ ሊቀየርበት ይችላል። ቦነሱም ያስቆየዋል። አብዛኛው ኮንትራት ሠራተኛ ይህ የለውም። ለአንዴ እንኳ አረንጓዴው ገመድ ይቀላል።

ጡረታችሁ ግን አብሯችሁ ይሄዳል። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ለአዲሱ አሠሪ ስጡ እንጂ ሌላ አዲስ አታስወጡ። ወርሃዊ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። በኮንትራት የተቆረጠባችሁ ሦስት ዓመትም እዚያ ውስጥ ነው የሚቆጠረው።

"ለምን ቋሚ አላደረጉህም?"

ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ስጠየቅ ደነገጥኩና ባንኩን አማረርኩ። አላለፍኩም። ሁለተኛው ቦታ ላይ "መደቡ በኮንትራት ብቻ የሚያዝ ነበር፤ ውሌን አምስት ጊዜ አድሰውልኛል" አልኩ። ጠያቂው ቀና ብሎ አየኝ። አምስት ጊዜ የታደሰ ውል አምስት ጊዜ የታየ ሥራ ነው። የማይፈለግ ሰው ውል አይታደስም። የውል ማደሻ ደብዳቤዎቻችሁን ፋይላችሁ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ቆሻሻ ወረቀት አይደሉም።

ስትወጡ

ውሉ በቀኑ ካለቀ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም፤ ራሱ ያበቃል። ከቀኑ በፊት ከወጣችሁ ግን የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ። "ነገ ና" ያላችሁ አዲስ አሠሪ አያጣድፋችሁ። ሳታስጠነቅቁ ከቀራችሁ እስከ 30 ቀን ደመወዛችሁ ድረስ ካሳ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ከቀሪ ክፍያችሁ ላይም ይቀነሳል። ማስጠንቀቂያውን ስታስገቡ ቅጂው ላይ "ገቢ" አስብላችሁ አስፈርሙ።

አዲሱ ቦታ የሙከራ ጊዜ አለ፤ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀናት ይሄዳል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሦስት ወር ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ሥራውን አልቻልክም ብለው ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱ ይችላሉ። ስለዚህ ለሦስት ወር የሚሆን አስቤዛ ሳትይዙ በንዴት አትልቀቁ።

ቀሪ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል፤ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ኮንትራት ስለሆናችሁ አይቀርባችሁም። ካልከፈሏችሁ አትተኙ፤ ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይታገዳል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ በሦስት ወር።

ክሊራንስ ላይ ባጅ ትመልሳላችሁ፣ የሲስተም መግቢያችሁ ይዘጋል፣ ካሸር ከሆናችሁ ካዝና ታስረክባላችሁ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ዋሱ ነው።

ስቀጠር ዋስ የሆነኝ አጎቴ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ሰጠኝ። ስወጣ እኔ ክሊራንሴን ይዤ በደስታ ሄድኩ። አጎቴን ማን ያስታውስ? ከዓመት በኋላ ልጁ ካሸር ሆና ተቀጠረችና ዋስ ሊሆናት መሥሪያ ቤቱ ሄደ። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አሁንም ለሌላ ሰው ዋስ ነዎት፤ ደብዳቤ አንጽፍልዎትም" አሉት። የድሮ ኤጀንሲዬ ቢሮ ቀይሮ ነበር። አግኝቼው፣ ሁለት መስመር "ከዋስትናው ነፃ መሆናቸውን እንገልጻለን" የሚል ደብዳቤ አጽፌ ለአጎቴ እስካደርስ ሦስት ሳምንት ሄደ። ልጅቷ ሥራዋን የጀመረችው በሌላ ሰው ዋስትና ነው።